የኢንዓም ተቀባዮች

ሌሊት ሰው መጥቶ በቀርቀሃው አጥር ላይ የጠመጠመው የካሴት ክር የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ እባብ ቆዳ ያብለጨልጭ ነበር። ሰዕዲያ የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ወርውራ ክሩን ከየስንጣቂው እያላቀቀች በመዳፏ ትጠቀልላለች። ትቸኩላለች፤ ደግሞ ይበጠስብኛል ብላ ትሳሳለች። ቢበጠስስ? ከእንግዲህ ማን ሊያዳምጠው! ግን የልጅ ልጇ ድምፅ እዚያ ቡናማ ክር ውስጥ ነው ያለው፤ ኢንዓም ከመንቃቷ በፊት ከዓይን መራቅ አለበት። ጠቅልላ ማገዶው ሥር ወሸቀችው።

አምና የኢንዓም ዘፈን ያልተከፈተበት መኪና ከሸርቆሌ አሶሳ አይገባም ነበር። አዲሱ ክልል ሲቋቋም ከተሰበሰበው የኪነት ቡድን ገብታ፣ በገዛ ቋንቋዋ ዘፍና፣ አገር አወቃት። ከደጋ የመጡት መምህራን እንኳ ቃሉ ሳይገባቸው ያንጎራጉሩታል። ገበያ ስትወርድ ሴቶቹ «የኛ ልጅ» እያሉ ማንጎ ያሸክሟታል።

ከዚያ ምርጫ መጣ። ኢንዓም በገበያ ቀን፣ የማሾ መብራት የምርጫ ምልክት የተለጠፈበት መኪና ላይ ወጥታ፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጣ፣ ሕዝቡን «ማሾውን ምረጡ» አለችው። ዘፈነችለትም። ከገበያተኛው ገሚሱ የማረሻው ምልክት ወገን ነበር። ገሚሱ ደግሞ የማንም አልነበረም፤ ግን የእኔ ናት ያላትን ልጅ ከአንድ ወገን ቆማ ሲያያት ከማረሻዎቹም ብሶ ተቆጣ። የማሾው ሰው ተሸንፎ ወደ ንግዱ ተመለሰ። ቁጣው ግን ኢንዓም ላይ ቀረ። ለሠርግ የጠሯት ሁሉ አንድ በአንድ ሌላ ዘፋኝ አገኙ።

የቀረችው ነዕማ ብቻ ናት፤ የጎረቤታቸው የኡምኩልሱም ልጅ፣ የኢንዓም አብሮ አደግ። ለሠርጓ ሂና የምትቀባው ዛሬ ነው።

ሰዕዲያን እንቅልፍ የነሳት ታዲያ ትናንት የሠራችው ሥራ ነው። ለማንም ሳትናገር ኡምኩልሱም ዘንድ ሄዳ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለመነቻት። ኡምኩልሱም ባምያ እየቀረደፈች፣ ቀና ሳትል፣ «አክስቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሴቶቹ አንቀበላትም ብለዋል። ዘፋኝን ተቀባይ ከሌላት ምን ላደርጋት ነው?» አለቻት። ሰዕዲያ ያን ጊዜ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፤

«አስገድደዋት ነው። ወላሂ፣ ልጅቷ ፈቅዳ አይደለም።»

ኡምኩልሱም ቢላዋዋን አስቀመጠች። ፊቷ ለሰለሰ።

«እንዲያ ነው? ታዲያ ምን አስጨነቀዎ! ነገ ሴቶቹ ፊት ይህንኑ አንድ ቃል ትናገርና ያልቃል። እኔ ራሴ እቀበላታለሁ።»

ሰዕዲያ እሺ ብላ መጣች። የልጅቱን አፍ ተውሳ እሺ አለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ልትነግራት ትነሳና፣ ውኃ ጠጪ፣ ነጠላ ጫማሽን ምን በላው፣ ሻርፕሽን አጥብቂ እያለች ትመለሳለች።

ኢንዓም ተነስታ ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባ ሰዕዲያ ከኋላዋ ቆመች።

«አሞኛል ብለሽ ብትቀሪስ?»

«ሐቡባ፣ ለነዕማ ቃል ሰጥቻለሁ» አለቻት አያቷን።

«ነዕማ ምን ታውቃለች፤ ሙሽራ ናት፣ ተሸፋፍና ነው የምትውለው። ሴቶቹን ነው የምፈራው። እስቲ ምናለ፣ ብትጠየቂ... ግድ ሆኖብኝ ነው ብትይ? ቃል እኮ ነው፤ ተናግረሽ ወደ ዘፈንሽ።»

ኢንዓም በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ያ የማሾው ሰው ሐኪም ቤት ያሠራል ብዬ አይደለም የዘፈንኩለት። ላያሠራም ይችላል። ቤታችን ሲመጣ እናትሽ የት ላይ ሞተች ብሎ ጠየቀኝ። ቃሬዛው የት እንደቆመ። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሰዕዲያ ቃሬዛው የቆመበትን ታውቀዋለች። ሐኪም ቤት ሊያደርሷት ሲሉ ወንዙ ሞልቶ፣ ምጥ የያዛት ልጇን እወንዙ ዳር አስቀምጠው ውኃው እስኪጎድል የጠበቁት እሷና ጎረቤቶቿ ነበሩ። ትናንት እንዲህ ብዬልሻለሁ ማለት የነበረባት አሁን ነበር፤ አላለችም።

የኡምኩልሱም ግቢ በሴት ተሞልቷል። ቀይ ጨርቅ የተከናነበችው ነዕማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ለሂና ሰጥታለች። ኢንዓም ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። አንዷ ከማንጎው ጥላ ሥር፣

«መኪናዋን የት አቁማ ነው?» አለች።

«ድምፅ ማጉያ አምጡላት እንጂ! እንዲያው በባዶ አፏ ልትዘፍን ነው?»

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስመርጠን ይሆን? ሙሽራውን እንደሆነ መርጠናል፣ አትድከሚ!»

ሳቁ ግቢውን ዞረው። ሰዕዲያም ፊቷን ፈገግ ለማድረግ ሞከረች፤ አብራ ብትስቅ የሚበርድ መስሏት። አልበረደም። ኡምኩልሱም እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸውና ከበሮውን ኢንዓም ፊት አኖረች።

«ልጄ፣ እዚህ ያለነው እናቶችሽ ነን። አስገድደውሽ እንደሆነ አያትሽ ነግረውኛል። አንቺው ንገሪንና ይለቅልን።»

ኢንዓም ዘወር ብላ አያቷን አየች። ረጅም አልነበረም አስተያየቷ። ሰዕዲያ ግን የምትገባበት ጠፋት፤ የቶቧን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት አየች። ይሄ አፌ፣ አለች በሆዷ፣ ይሄ አፌ በደረቀ።

«ማንም አላስገደደኝም» አለች ኢንዓም።

ለኡምኩልሱም ከዚህ በላይ ውርደት አልነበረም። እቀበላታለሁ ያለችውን ትታ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠች።

ኢንዓም ከበሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ መታችና የነዕማን አያቶች ስም እየጠራች ዘፈኑን አወጣች። አውጪዋ ከጠራች ሴቶቹ መቀበል አለባቸው፤ የሂና ወጉ ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ ጠርታ ካልተቀበሏት ከበሮውን ደፍታ ትወጣለች፤ ያን ግቢ ዳግም በዘፈን አትረግጠውም፣ የሰማም ሌላ ግቢ አይጠራትም። የኢንዓም ድምፅ ያው ነበር፤ ጠራ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሰነጠቅ። ጥሪው አለቀ። ሂና የምትቀባው ሴት እጇ እንኳ አልቆመም። ማንም አልተቀበለም።

ሰዕዲያ ራሷ ልትቀበላት ትፈልጋለች። ግጥሙን ታውቀዋለች፤ ልጅቱን ያስተማረቻት እሷ ናት። ግን የዘፋኝ ዘመድ አይቀበልም፤ ከተቀበለ ዘፋኟ ሰው አጥታ የራሷን ቤት አስጮኸች ይባላል፣ ከዝምታው የባሰ ነውር ነው። ዙሪያዋን አየች። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ግማሾቹን አዋልዳለች። አንዳቸውም ዓይን ለዓይን አላዩዋትም።

ኢንዓም ሁለተኛውን ጠራች። ከቀይ ጨርቁ ሥር የነዕማ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሙሽራ አትናገርም። አሁንም የተቀበላት የለም።

ሰዕዲያ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ተነሺና ውጪ፣ ልጄ፣ ሦስቱ ሳይሞላ ውጪ፣ ትላለች በውስጧ፤ ደግሞ እንዳትወጣ ትፈራለች። ኢንዓም አልተነሳችም። ላቧን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ ከበሮውን ደግፋ፣ ከሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ ሦስተኛውን አወጣች። አልቸኮለችም፤ የሙሽራዋን ቅድመ አያት ስም እንደሚገባው አርዝማ ጠርታ እጇን ከከበሮው ላይ አነሳች።

ሰዕዲያ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ታያለች። ከኋላ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ የአንዲት ሴት ከንፈር ተላቀቀ፤ ለመቀበል ይሁን ለመሳቅ ገና አልለየለትም።