ከግንቡ ወዲያ ቦታ አልነበረም

በዲዛይን ቢሮው ውስጥ የውሃ ማስወገጃ መስመር እንደ ወጣቷ መሐንዲስ አጥርቶ የሚነድፍ አልነበረም። የነዳጅ ዴፖውን ስድስት ትልልቅ ታንከሮች የከበበውን ግንብ፣ በግንቡ ውስጥ የሚጠራቀመውን ዝናብ የሚያስወጣውንም ቱቦ የነደፈችው እሷ ናት። ግንቡ የተሠራው ነዳጅ ቢፈስ እንዳያመልጥ ነው፤ ዝናቡንም ግን አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ቱቦው ቫልቭ አለው። ዘወትር ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ሰው ቆሞ እየጠበቀው ብቻ ነው።

በሦስት ዓመት ውስጥ ከዴፖው አራት ደብዳቤ መጣ። አራቱም «ቫልቩ አያመችም» ከማለት አላለፉም። የሚጽፉት ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ቦቲ የሚላቸው የታንከር ተቆጣጣሪ ነበሩ። እሷም በየጊዜው «ንድፉ ትክክል ነው» ብላ ትመልሳለች። አምስተኛው ሲመጣ አለቃዋ፣ «ሂጂና እዪላቸው፤ አለዚያ ጡረታ እስኪወጡ መጻፋቸው ነው» አላት።

የደረሰችው ሲዘንብ ባደረ ማግስት ነው። ጋሽ ቦቲ ከላይ እስከ ታች አይተዋት አንድ ጥንድ የጎማ ቦቲ አቀበሏት።

«ይቺን አጥልቂና ግቢ ልጄ። እኔ ብነግርሽ አይገባሽም።»

በግንቡ መሰላል ወርዳ ሦስት እርምጃ እንደሄደች ውሃው ከጉልበቷ አለፈና ቦቲው ሞላ። ቫልቩ ጥግ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ነው። ጎንበስ ብላ በዳበሳ ስትፈልገው አንዲት እንቁራሪት ፊቷ ላይ ብቅ አለችና ተመልሳ ጠለቀች።

«ወደ ግራ ነው የሚዞረው» አሏት ጋሽ ቦቲ፣ ግንቡ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ የነደፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ።»

ከተከፈተ በኋላ መሄድ የለም፤ ውሃው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ቦቲዋን ገለበጠችው። ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱላት።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ እዚህ ጥግ የወሸቅሽው ለምንድን ነው? ከግንቡ ውጭ ቢሆን ምን ነበረበት?»

ምክንያት ልትደረድር አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ንድፉ ላይ ከግንቡ ወዲያ ቦታ አልነበረም። ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል።»

ጋሽ ቦቲ ሻያቸውን ግንቡ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሷም አፍራ ስታበቃ ሳቁ ተጋባባት።

«እኔ ደግሞ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ትልቅ የሳይንስ ነገር ቢኖረው ነው እያልኩ፣ ለምን ብዬ ለመጠየቅ ስፈራ ሦስት ዓመት!»

ቢሮ ተመልሳ ሰፋ ያለ ወረቀት ዘረጋች። ቫልቩ ከግንቡ ውጭ ወጣ፤ ረጅም ዘንግ ተቀጥሎለት እጀታው እስከ ሰው ደረት ደረሰ፤ ክፍት ይሁን ዝግ ከሩቅ የሚያሳይ ቀይ ምልክትም ተደረገለት።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ስልክ ደወሉላት።

«ከፈትኩት። ካልሲዬ እንደ ደረቀ ነው የማወራሽ።»

«ደስ ይላል ጋሼ። የጎደለ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። ብቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ መቆም ወገብ ይነካል። አንድ መቀመጫ ነገር ብታክይበት… ከላይም ትንሽ ክዳን።»

እርሳሷን አንስታ መቀመጫው ስንት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል ብላ ጠየቀቻቸው።