ከአዳራሹ አንወጣም

ባሲማ ቤቷን ያጣችው ባለፈው ክረምት ነው። የተከራየቻት የጭቃ ክፍል ግድግዳ በሐምሌ ዝናብ ወደ ውስጥ ተናደ። እሷ ገበያ ስለነበረች ተረፈች፤ አልጋዋና ልብሷ ግን እጭቃው ውስጥ ቀሩ። አከራይዋ ግድግዳውን በብሎኬት አሠራና ክፍሏን ሱቅ አደረጋት። ባሲማ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅም የላትም። ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ እየሸጠች የምታድር ሴት ናት። እዚያው ድንቿን ከምትሸጥበት መናኸሪያ በረንዳ ላይ ካርቶን አነጠፈች።

ከተማዋ ጨፌ አምባ ትባላለች። ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ነፋሷ አጥንት ድረስ የሚገባ ትንሽ ከተማ ናት። በረንዳው ላይ ባሲማን የቀደሟት ብዙ ነበሩ። ጋሽ ቸኮል በሬዎቻቸውን ለሕክምና ሸጠው ዓይናቸውን ግን ያላዳኑ ገበሬ ናቸው። አበቡ ሕፃን ያዘለች፣ ከቤት ሠራተኝነት የተባረረች ልጅ ናት። እማማ ንግሥቴ ደግሞ ለባሲማ ከነጠላቸው ግማሹን ያካፈሏት አሮጊት ነበሩ።

ጥር ላይ ለጥምቀት በዓል ከተማዋ ትጽዳ ተባለ። የበረንዳውን ሰው ሁሉ በአይሱዙ ጭነው ወሰዱና ከከተማ ርቆ በሚገኝ የገበያ ሜዳ ላይ አራገፉት። እማማ ንግሥቴ እዚያ ብርዱን አልቻሉትም፤ ሞቱ። የቀሩት ቀበሯቸውና በእግራቸው ተመለሱ። ባሲማ መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦

«ወላሂ ሁለተኛ በዚያ መኪና አልጫንም።»

ሚያዝያ ላይ የመንገድ መብራት የሚያስመርቁ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ መኪናው እንደገና በረንዳው ፊት ቆመ። የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አስከባሪ ኃላፊ ንጉሡ ከጋቢናው ወረደ።

«ተነሱ! እቃችሁን ያዙና ውጡ!»

«ወዴት?» አለች ባሲማ።

«ለሁለት ቀን ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ትመለሳላችሁ።»

«እማማ ንግሥቴም ለሁለት ቀን ተብለው ነው የወጡት። እስካሁን አልተመለሱም።»

ንጉሡ አንገቱን ደፋ፤ ወዲያው ግን ተቆጣ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው!»

«እንግዲያው ያዘዙህ ዘንድ እንሂድ» አለችና የጋሽ ቸኮልን እጅ ያዘች። አበቡ ተከተለቻት። ሌሎቹም ካርቶናቸውን አጥፈው በብብታቸው ይዘው ተነሡ። መኪናው ባዶውን ቀረ።

ያዘዙት የከተማው ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች በሙሉ ለእንግዶቹ አቀባበል ሊመክሩ በከተማው አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ባሲማ በሩን ገፍታ ገባች። የመሐሉን መንገድ ይዛ እስከ መድረኩ ሄደችና ጋሽ ቸኮልን ለእንግዶች ከተዘጋጁት ባለ ትራስ ወንበሮች በአንዱ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? እናንተ የማን ናችሁ?» አለ ስብሰባውን የሚመራው የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ።

«የእናንተ ነን» አለች። «እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ድንቼን በልታችኋል። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ‹ማኅበራዊ ጉዳይ ሂጂ› እባላለሁ። ማኅበራዊ ጉዳይ ‹ቦታ ያለው ማዘጋጃ ቤት ነው› ይለኛል። አበቡ ልጇ ሲታመም ጤና ጣቢያ ‹ከቀበሌ መታወቂያ አምጪ› አላት፤ ቀበሌው ‹ቤት ለሌለው መታወቂያ አልሰጥም› አላት። ለስንት ልከፈልላችሁ? እጄ ለዚህ፣ እግሬ ለዚያ ይሁን? እኔ አንድ ሰው ነኝ። እናንተም ዛሬ እዚህ አንድ ላይ ናችሁ። ተነጋግራችሁ እስክትጨርሱ ከዚህ አዳራሽ አንወጣም።»

በሩ ላይ የደረሰው ንጉሡ «ፖሊስ ልጥራ?» አለ።

ከፊት ረድፍ የተቀመጠው የፖሊስ አዛዥ ዞር ብሎ «እዚሁ ነኝ እኮ» አለው፤ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

ከዚያ የማኅበራዊ ጉዳይዋ መቅደላዊት ብድግ አለች። ባሲማን ብዙ ጊዜ ከቢሮዋ ያለ መልስ የሸኘች እሷ ነበረች።

«በጀት የለኝም እላት ነበር» አለች። «ውሸት አይደለም፤ ለብቻዬ የለኝም። ግን ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የድሮ የእህል መጋዘን ባዶውን ቆሟል። ቁልፉ በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ከእድሳት የተረፈ ቆርቆሮ ግን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እየዛገ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። አንዳችን ሌላውን ጠይቀን አናውቅም እንጂ።»

«መጋዘኑ ለኢንቨስተር ታስቧል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ኢንቨስተሩ መጥቷል?» አሉ ጋሽ ቸኮል ከባለ ትራሱ ወንበር። «እኛ መጥተናል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የአገር ሽማግሌ ሆነው የተጠሩት ሼህ ኑርሁሴን ግን አልሳቁም።

«የመስጊዱ ጀመዓ ጉልበት ይሰጣል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሰበካ እምቢ አይለኝም» አሉ። «ሜዳ ተጥለው የሞቱትን ሴትዮ አውቃቸው ነበር፤ ያ ረቢ፣ ጎረቤቴ ነበሩ። እኔም ከባሲማ ጋር እዚህ እቀመጣለሁ።» ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጋሽ ቸኮል አጠገብ ተቀመጡ።

እንግዶቹ በማግስቱ ሲመጡ በረንዳው ጽዱ ነበር፤ የበረንዳው ሰዎች ግን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አይታወቅም። ብቻ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ አምጥቶ ለመቅደላዊት ሰጣት። ባሲማ ቁልፉን አየችና «በሩ ሲከፈት ነው የምንነሣው» አለች። በሩ ሲከፈት ተነሡ።

ሥራው ግንቦትን ሙሉ ፈጀ። የጀመዓው ጎረምሶችና የሰበካው ወጣቶች ቆርቆሮውን ተሸክመው አመጡ። ትምህርት ቤቱ አናጺውን አዋሰ። ጤና ጣቢያው መጸዳጃው የሚቆፈርበትን ቦታ ለየ፤ ቀበሌውም መጋዘኑን አድራሻ አድርጎ ለአበቡ መታወቂያ አወጣላት። ንጉሡ እንኳ አንድ ቀን ሳይጠራ መጥቶ ጭቃ ሲረግጥ ዋለ። ባሲማ ውሃ ሰጠችው፤ ይቅርታ ግን አልሰጠችውም። እሱም አልጠየቃትም።

ክረምቱ ሳይገባ ገቡ። በረንዳው ላይ የቀሩም አሉ፤ መጋዘኑ ሁሉንም አልያዘም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቶቹ በየሳምንቱ ሰኞ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲገናኙ ሲወሰን ባሲማ አንድ ወንበር የኔ ነው አለች። «ምን ሆነሽ?» ሲሏት «ባለጉዳይ» አለች።

ባለፈው ሰኞ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘግይቶ መጣ። ገና በሩ ላይ ሳለ ለመጋዘኑ ቧንቧ መቼ እንደሚገባ ጠየቀችው።

«እንሞክራለን፤ ግን...»

«ወንድሜ፣ ‹ግን›ን ውጭ ተዋትና ግባ» አለችውና ወንበር ሳበችለት።