ሁለት ነጥብ ያለባት ኦ

"ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ኖት ኢንግሊሽ" አለች ቤቴል፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ የእናቷን ደብተር እያገላበጠች።

ሙሉዬ ልጇ ለለቅሶተኛው ጮክ ብላ እንድታነብላት ነበር ያሰበችው። ሟቹ ሚስተር አርኖ ምን ያለ ደግ ሰው እንደነበረ ይስሙ ብላ። ቴሜስካል ሰፈር ባለው ቤቱ ውስጥ አራት ዓመት ያስታመመችው፣ ዘጠና ስድስት ዓመት የሞላው ጀርመናዊ ነው። ወገን ስላልነበረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ያለው አፓርታማዋ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጠችለት። ዘመኑ በፈረንጅ 1996 ነው፤ ዛሬ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን።

ታች ፎቅ የምትኖረው ጓደኛዋ ወርቂቱ ነገሩ ገና ከመጀመሪያው አልተዋጠላትም። ለፈረንጅ ጥቁር መልበስ ከመቼ ወዲህ ነው እያለች ስትሸረድዳት ሰንብታ፣ አሁን አንገቷን አስግጋ ደብተሩን ታያለች።

ሙሉዬን የእንግሊዝኛ ፊደል ያስቆጠራት ሚስተር አርኖ ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶ አይዝም፤ በቀን አንድ መስመር በታይፕ ይመታና ደብተርሽ ላይ ገልብጪ ይላታል። ትርጉሙን ባታውቅም እንግሊዝኛ ነው ብላ ትገለብጣለች። ከሥሩ ስምሽን ጻፊ ይላታል፤ ትጽፋለች። ከዚያ በታይፕ የመታውን ወረቀት ብጥስጥስ አድርጎ ሽንት ቤት ይጥልና ውሃ ይለቅበታል። የሽማግሌ ጠባይ ነው ብላ አልፋዋለች። በኋላ ፍሩትቬል ሰፈር ያለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ስትገባ፣ አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ የሌለ ነገር፣ ኦ ላይ ሁለት ነጥብ የምታደርጊው ለምንድን ነው አለቻት። እሱን ስትጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

ጥግ የተቀመጡት ጋሽ ማንደፍሮ እጃቸውን ዘረጉ። ሪችመንድ ከተማ አውቶቡስ ከመንዳታቸው በፊት፣ አሁን በሌለችው ምሥራቅ ጀርመን አምስት ዓመት ተምረዋል። በጀርመንኛ የተጻፈውን ጥቂት እንዳነበቡ ቀና ብለው ቤቴልን አዩ። ሙሉዬ ልጅቷን ወደ መኝታ ቤት ላከቻት።

ጋሽ ማንደፍሮ ቀሪውን አንብበው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። አስተማሪ ነበርኩ ይላት የነበረው ሰው ጄኔራል ኖሯል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በሁለተኛው ጦርነት ሩሲያ ውስጥ ክፍለ ጦር አዘዘ፤ ተማረከ፣ ዘጠኝ ዓመት ታሰረ፤ ሲፈታ የአባቱን ስም ቀይሮ አሜሪካ ገባ።

"ሌላስ?"

"አንድ መንደር አለ። ወታደሮቹ ሰዉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘግተው አቃጠሉት። ትእዛዙን የፈረምኩት እኔ ነኝ ይላል።"

"ማነው እኔ?"

"እሱ ነው እንጂ፣ ልጄ።" ጣታቸውን ገጹ ግርጌ ላይ አሳረፉ። "ግን ጽሕፈቱ ያንቺ ነው። ከሥሩ ያለውም ያንቺ ስም ነው።"



ሙሉዬ ቤቴል በዚያ ሰው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ስትሠራ በዓይነ ሕሊናዋ ታየቻት። ቤቴል ኤ ያገኘች ቀን ያጨበጨበላትም በእነዚያ እጆች ነበር። ፊደል ያስተማራት አዝኖላት ነው ወይስ የሚጽፍለት እጅ ፈልጎ? አሁን ማንን ትጠይቅ?

ደብተሩን ከጋሽ ማንደፍሮ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ስሟን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከዚያ ከሥሩ፣ ማንም ሳያሳያት፣ የሱን ስም አንድ በአንድ ጻፈች፤ በእንግሊዝኛው አራት ፊደል ነው፣ መጨረሻው ኦ። እጇ በልማዱ ሁለቱን ነጥቦች ሊያደርግ ተነሣ። ያዘችው። እስክሪብቶው ከኦ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።