የወርቃማው ጣሳ ዘይት

ማናሴ በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የዋሸው ብል እኔም አብሬ መዋሸቴ ነው። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት አዳማ ላይ የዋሻት ውሸት ከሁሉም ትንሿ ነበረች፤ «አዎ» የምትል አንዲት ቃል። ለጥቂት የሚወዳትን ሜቲን ልታሳጣው ነበር።

ሥራው ላም ማዳቀል ነው። ከአዳማ ዙሪያ መንደሮች «ላሚቷ ፈልጋለች፣ ድረስ!» የሚል ስልክ በመጣ ቁጥር የኮርማ ዘር የያዘውን ማቀዝቀዣ ዕቃ ከኋላው ጠፍሮ በሞተር ሳይክሉ ይከንፋል። የፈለገች ላም ቀጠሮ አትቀበልም፤ ዛሬ ካልደረሱላት ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሞተሯ እንጀራው ናት። ዘይቷን የሚቀይርለት ግን የሠፈሩ ጋራዥ ነበርና ምን እንደሚጨመርላት አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ያ ሳምንት ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። እሑድ ወንጂ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የሜቲ አባት አቶ ሰይፈሚካኤል ከስኳር ፋብሪካው በመካኒክነት ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን ባዶ እጃቸውን ሸኝተዋል። «አባዬ እንደ ሌላው ሰው አይጠይቅም፤ ምን እንደሚጠይቅም አይታወቅም» አለችው ሜቲ። ማናሴ ፈራ። ሲፈራ ደግሞ ገንዘብ ማውጣት ይወዳል። አዲስ ሸሚዝ ገዛ፣ ጫማውን አስጠረገ፣ በመጨረሻም ሞተሯም የድርሻዋን ክብር ታግኝ ብሎ ዘይት መሸጫ ገባ።

«ያቺን አውርድልኝ» አለ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወደተቀመጠች ወርቃማ ጣሳ እየጠቆመ። ጣሳዋ ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ መኪና ተሥላለች። ከሁሉም ውዷ እሷ ነበረች፤ የመረጣትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለሱቁ ሱፊያን ሸሚዙን አየ፣ ጫማውን አየ። ሞተሯ ጥግ ዞራ ስለቆመች እሷን አላያትም። «ጌታዬ፣ ለመኪና ነው?» አለው።

ማናሴን በሠላሳ አንድ ዓመቱ ባለመኪና ብሎ የጠረጠረው ሰው አልነበረም። ደስታው ከአፉ ቀደመና «አዎ» አለ።

«ምን ዓይነት መኪና ናት?»

«ነጭ።»

ሱፊያን ጨዋ ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ማናሴም ጣሳውን አቅፎ ቤቱ ገባ፣ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፣ አዲሱን በገዛ እጁ ጨመረላት።

እሑድ ጠዋት የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቱ ጋሽ ገብረወልድ ከኋላው ተፈናጠጡ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች በባጃጅ ተከተሉ። ጋሽ ገብረወልድ ሳምንቱን ሙሉ የማናሴን ሰባት ቤት ሲያጠኑ ነው የከረሙት፤ በመንገድም ላይ በጆሮው ሲቆጥሩለት ነበር። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሯ ያለ ችግር ወረደች። ትንሽ የመጮኽ ነገር አሳይታለች፤ ማናሴ ግን አዲሱ ዘይት ተስማምቷት ነው አለ።

ሚስት የሚጠይቅ ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤት አይገባም። እሱ ከሸንኮራው ማሳ አጠገብ ካለች ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ጥፍሩን መብላት ጀመረ። ሁለተኛው እጁ ላይ ሳይደርስ ጋሽ ገብረወልድ ፊታቸውን ቋጥረው ብቅ አሉ።

«እሺ አሉ?»

«የምን እሺ! ሰባት ቤትህን ስቆጥር ሦስተኛው ላይ አስቆሙኝ። ‹ልጁ ሞተሩ ላይ ምን ዘይት ያደርጋል?› አይሉኝ መሰለህ!»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«የኑግ ልበላቸው? ከሁሉ ውዱን አልኳቸዋ! ‹ዋጋውን አልጠየቅሁም› ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። ያውልህ፣ እየመጡ ነው።»

አቶ ሰይፈሚካኤል አጠር ያሉ ሰው ናቸው። ማናሴን ሰላም ሳይሉ ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ እሱ ራሱ ላም የሚያየው እንዲሁ ነው። ከዚያ ተፈናጠጡና «አዳማ አድርሰኝ» አሉት። ጋሽ ገብረወልድ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ባጃጇ ውስጥ ተጠጋግተው ከኋላ ተከተሉ።

ጉዱ የጀመረው ዳገቱ ላይ ነው። ማናሴ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሯ መንደር የሚያስወጣ ጩኸት ትጮኻለች፤ ጎማዋ ግን ዝም ነው። ማርሽ ቀነሰ። ይበልጥ ጮኸች። ባጃጇ አለፈቻቸው፤ ሽማግሌዎቹ ለይሉኝታ ብለው ፊት ለፊት ብቻ እያዩ አለፉ። ቀጥሎ ገለባ የጫነ የአህያ ጋሪ አለፋቸው። የጋሪው ባለቤት ይሉኝታ አልነበረውም፤ እየዞረ እየዞረ አያቸው። ማናሴ ጀርባውን ላብ አጠመቀው። ሜቲ ከእጁ ስትወጣ በዓይኑ አያት።

አቶ ሰይፈሚካኤል ወረዱ፣ ኮታቸውን አውልቀው ኮርቻው ላይ ጣሉና መግፋት ጀመሩ። እሱም ወርዶ ገፋ።

«ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም» አሉ፣ እየገፉ። «የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እንደ መኪናው ደረቅ አይደለም፤ እዚያው ሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። የመኪና ዘይት አንዳንዱ በጣም ያሟልጫል። ለመኪና ደግ ነው፤ ለዚህኛው ፍሪሲዮን ግን ሳሙና ማለት ነው። ምንድን ነው የጨመርክባት?»

ይኼኔ ጋሽ ገብረወልድ ፊት ላይ ከቆመችው ባጃጅ ወርደው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ሊያግዙ ደርሰው ነበር። ማናሴ አፉን ሳይከፍት ቀደሙት፦ «ባለሱቁ ነው ያታለለው! የመኪና ዘይት አስታቅፎት ነው! የዛሬ ነጋዴ መቼ ይታመናል?»

ጥሩ ውሸት ነበረች፤ ተዘጋጅታ፣ ተፈትፍታ የቀረበች። «አዎ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ማናሴም ሊል ነበር። ግን ያ ጨዋ ሱፊያን ትዝ አለው፤ ማንንም አላታለለም፣ እንዲያውም ደህና አድርጎ ጠይቆታል። ደግሞም በአንዲት «አዎ» እዚህ ዳገት ላይ ከደረሰ፣ ሁለተኛዋ የት እንደምታደርሰው እግዜር ይወቅ።

«አላታለለኝም» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «ለመኪና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።»

«መኪና አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ?»

«ጌታዬ ብሎኝ ነበር።»

ጋሽ ገብረወልድ ግንባራቸውን ያዙ። አቶ ሰይፈሚካኤል መግፋታቸውን አቆሙ። «ምን ዓይነት መኪና ነው አልከው?»

«ነጭ።»

የአቶ ሰይፈሚካኤል ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማናሴ ልባቸውን ያመማቸው መስሎት ሊደግፋቸው ሲል፣ ኮርቻው ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው «በል ግፋ» አሉ። 

ሜዳው ላይ ሲወጡ ሞተሯ ቀስ ብላ እንደ ምንም መሄድ ቻለች፤ አዳማ ገብተው ሱፊያን በር ላይ ቆሙ። ባጃጇም ከኋላ ቆመች። ሱፊያን ማናሴን ገና ከሩቅ ለየው። «እንዴት ነህ ጌታዬ፣ ነጯ መኪና እንዴት ሆነች?»

ማናሴ ከኋላው የቆሙትን አቶ ሰይፈሚካኤልን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ሁለት ጎማ ነው ያላት» አለ።

ሱፊያን ወደ ውጭ አንገቱን አስግጎ ሞተሯን አየ፣ በላብ የራሰውን ሸሚዝ አየ። አቶ ሰይፈሚካኤል ጎንበስ ብለው፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ከጠጡት የዘይት ዕቃዎች አንዷን አነሡ። የሞተር ሳይክል ሥዕል አለባት፤ ዋጋዋ የወርቃማዋ ግማሽ ነው። መነጽራቸውን አውጥተው ጀርባዋን አነበቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ፣ የተበላሸ ማሽን አስቸግሮኝ አያውቅም» አሉ። «የሚያስቸግረኝ ያበላሸው ሰው ሲደብቀኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ሱፊያን ዞሩ። «ይህችን ለአማቼ ጠቅልልለት።»

ማናሴ የዘይት ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ጋሽ ገብረወልድ ግን ሳምንት ሙሉ የደከሙበት ነገር መና ሊቀር መሆኑ አንገበገባቸው፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እዚያው ዘይት መሸጫው መሐል ከአራተኛው ቤት ቆጠራቸውን ቀጠሉ።