ገመድ አዟሪዋ

ዳይሬክተሯ ከሥልጠና በተመለሰች ቁጥር ትምህርት ቤቱ ላይ አንድ ጣጣ ይመጣል። ባለፈው አረንጓዴ ቀለም ልጆችን ያረጋጋል ተብሎ ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ተቀባ። ልጆቹ አልተረጋጉም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለተደገፉት ዩኒፎርማቸው ግን አረንጓዴ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ በየክፍሉ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳው ላይ የሚስቅ፣ የደበረውና የሚያለቅስ ፊት ተሥሏል። ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ ስማቸው የተጻፈበትን ካርቶን የዕለቱን ስሜታቸውን ከሚመስለው ፊት ሥር ይሰቅላሉ። የሚያለቅሰው ሥር የሰቀለውን ልጅ ቲቸር ለብቻው ታነጋግረዋለች።

«ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ማንም ልጅ ብቻውን አያዝንም» አለች ዳይሬክተሯ በወላጆች ስብሰባ።

ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ እያጨበጨብኩ የማስበው ሰሌዳው የተሰቀለበትን ሚስማር ነበር። ቢነቀልስ? የማን ልጅ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው?

እኔ እንዲህ ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ጉንፋን ሲይዝሽ ለለቀስተኛ ወንበር የምትቆጥሪ ሴት ነሽ» ይለኛል። እሱ ጎሚስታ ነው። ሁሉም ነገር ፈንድቶ ስለሚመጣለት ምንም አያስደነግጠውም።

ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ናት። ግራ እግሯ ከቀኙ ስለሚያጥር እስከ ጉልበቷ ብረት ያለው ጫማ ታደርጋለች። ስትራመድ ብረቱ ይንኳኳል፤ ከሩቅ ይሰማል። በዚህ የተነሳ አብራት የምትቀመጠው ፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ልጅ «ባቡር» የሚል ስም አወጣችላት። ይህን የሰማሁ ዕለት ፍንጭቷን በአሥር ጣቴ ላንቃት ነበር። ልጄ ግን «ባቡር እኮ ጎበዝ ነው፤ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል» አለችኝና አፌን አስያዘችኝ።

ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ልጄ ካርቶኗን፣ ከአንድ ቀን በቀር፣ ሁልጊዜ የምትሰቅለው ከሚስቀው ፊት ሥር ነው። ቲቸር ደስ ብሏታል። ቤት ስትመጣ ግን ቦርሳዋን ትወረውርና ጫማዋን ፈትታ አልጋ ሥር ትልከዋለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ማን ነካሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምነው?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!»

እንዲህ እየጮኸ ደህና የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወደ ገበያ ስሄድ መንገዴ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዴ አይደለም፤ መንገዴ አደረግኩት። የእረፍት ሰዓት ሲደርስ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። የክፍሏ ሴት ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ልጄ የገመዱን አንድ ጫፍ ይዛ ታዞራለች። ሁሉም ተራ ደርሶት ይዘላል፤ እሷ ታዞራለች። በማግስቱም ሄድኩ፣ ታዞራለች። በሳምንቱም ያው። ክንዷ ሲደክማት ወደ ሌላው እጇ ትቀይረዋለች እንጂ ዝለይ የሚላት የለም።

ገበያውን ትቼ በቀጥታ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ቁጭ ይበሉ እስቲ» አለችኝ። ለካ የሥልጠናው ጣጣ ቢሮዋም ገብቷል፤ ወንበሩ ተነስቶ መሬት ላይ ትራስ ተደርድሯል። ሰው ትራስ ላይ ተቀምጦ መቆጣት አይችልም፤ ጉልበቱ አፉ ጋ ይደርሳል። እኔ ግን ሞከርኩ።

«ገመዱን የምታስሩበት ግንድ ጠፍቶ ነው ልጄን የገተራችኋት?»

«እንዴት?»

«የሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት ነው አላላችሁም? ሁሉም ይዘላል፣ የእኔ ልጅ ታዞራለች። እሷ ሰው አይደለችም?»

ዳይሬክተሯ ደንግጣ ቲቸርን አስጠራቻት። ቲቸር ገና ወጣት ናት፤ ስትገባ እኔን አይታ በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ልጅቷ ለምንድን ነው የማትዘለው?» አለቻት ዳይሬክተሯ።

ቲቸር ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ነዎት እኮ የከለከሉት።»

«እኔ?»

«ትምህርት የተከፈተ ቀን፣ በሩ ላይ። ‹ከዘለለች ትወድቃለች፣ ከወደቀች ፍርድ ቤት ነው የምንገናኘው› ብለውኛል። ጣትዎንም እንዲህ አድርገው።» ጣቷን አፍንጫዋ ፊት አቁማ አሳየችኝ። ጣቱ የእኔ ነበር፤ ጥፍሩ ሳይቀር። «እኔም ልጆቹን እንዳያዘልሏት አስጠነቀቅኩ። ፍንጭቷ ስንት ቀን ተጨቃጨቀችኝ መሰለዎት፤ ‹ባቡር ትዝለል› እያለች።»

ልታነቅ የነበረችው ልጅ ለልጄ ጠበቃ ሆና ኖሯል።

«እሺ፣ ከከፋት ለምን የሚያለቅሰው ፊት ሥር አትሰቅልም?» አልኩ፣ የተረፈችኝን ክርክር ይዤ።

«እሷን ራሷን እንጠይቃት» አለች ዳይሬክተሯ።

የብረቱ ኳኳታ ከኮሪደሩ ተሰማ። ልጄ ገብታ ትራሱ ላይ ተጣጥፌ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ደግሞ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ከከፋሽ ለምን አትናገሪም የኔ እናት? ሰሌዳው እኮ ለዚያ ነው።»

«አንዴ ተናገርኩ አይደል? የሚያለቅሰው ጋ ሰቀልኩ፣ ቲቸር ደወለችልሽ፣ አንቺ መጣሽ።»

«ብመጣስ?»

«ቴርሞሜትር ይዘሽ መጣሽ! ክፍሉ ሁሉ እያየ ብብቴ ውስጥ ከተትሽው!»

ዳይሬክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሰች አልነበረም።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አልኳት ልጄን፣ መልሱን እያወቅኩ።

«መዝለል።»

ራሷ ሲፈነከት፣ ብረቱ ሲጣመም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ታየኝ። ሦስቱም ይመለከቱኛል። «የራስ ቁር ቢጤ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እማዬ!»

«እሺ። ትዝለል።» ቃሉ የወጣው ልክ እንደሚነቀል ጥርስ ነው።

ደወል ሲደወል ሜዳ ወጣን። ልጆቹ ወሬውን ከእኛ ቀድመው ሰምተዋል። ፍንጭቷ ገመዱን አንጠልጥላ ቆማለች።

«ባቡር ከዘለለች ማን ያዞራል? አዟሪ የለንም!» አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ይያዙ።»

«እኔ?»

«ሥራ ፈተው በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩን አይደል የሚውሉት?»

ልጆቹ ፈነዱ። ቦርሳዬን ለቲቸር ሰጥቼ የገመዱን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ገመዱ እጄ ላይ እንደ እባብ ይላወሳል። ዓይኔን ጨፍኜ ላሳልፈው አስቤ ነበር፤ አዟሪ ግን ዓይኑን መጨፈን አይችልም፣ የዘላዩን እግር ማየት አለበት።

ልጄ ገባች። ብረቱ አንዴ ኳ አለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ገመዱ ያዛትና በግንባሯ ተደፋች።

«ባቡር ከሐዲድ ወጣች!» አለች ፍንጭቷ።

እግሬ ተነስቷል። አፌም ተከፍቷል።

«እማዬ፣ እንዳትለቂው!»

ልጄ ናት። አፈር በአፍንጫዋ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ እየሳቀች። ፍንጭቷ እጇን ዘረጋችላት፤ እሷ መሬቱን ተደግፋ ራሷ ተነሳች።

አለቀቅኩም። ጣቶቼ ገመዱን ቢለቁ ኖሮ ቀጥታ ብብቷ ውስጥ ነበር የሚገኙት። አዞርኩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«እትዬ፣ ፈጠን ያድርጉት እንጂ» አለች ፍንጭቷ፤ «እያስተኟት እኮ ነው!»

ልጄን አየኋት። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ፈጠን አደረግኩት።