ለሶር የተሰፋ ቱታ

«ልጅቷ ስንት ሆናት?» አሉ ልብስ ሰፊው ጋሼ ታጁዲን፣ ከቁምጣ ጋር የተያያዘ ሸሚዝ የሣልኩበትን ወረቀት እያዩ።

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት ወር! እንግዲያማ አንድ ሜትር ይተርፋታል።»

«ለራሴ ነው» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘህራ ከውስጥ ሳቁ። «ሾፌሩ ሁሉ ቱታ ለብሶ ይዞር የለ? የሷ ምን ይሆናል!»

ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት የመምህርነት አገልግሎት መቱ ከመጣሁ ጀምሮ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንኳ በሐሳቤ የማየው የሶርን ፏፏቴ ነበር። ፏፏቴው ሥር ቆሜ፣ ነፋስ የሚገልበው ቀሚስ ሳይኖረኝ፣ እንደ ቅጠል ቀልዬ። እሁድ ከመምህራን ጋር ልንሄድ ነው። ግን የተማሪዎቼ እናቶች በመንገድ ላይ ቢያዩኝስ?

ነጩን የፖፕሊን ጨርቅ ሳነሳ እትዬ ዘህራ ቀሙኝ። «ነጭ ሲርስ ገላ ያሳያል፣ ልጄ።» ቅጠልያውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና ወደ ባላቸው ዞሩ። «ከዚሁ ጨርቅ ከላይ የሚደረብ፣ ፊት ለፊት የሚቆለፍ ጉርድ ስፋላት። ከተማ ውስጥ ቀሚስ ነው። ሶር ስትደርስ እሷ ታውቃለች።»

እሁድ ጉም በተኛበት ጫካ ውስጥ ስንሄድ ልብሴ ከቅጠሉ አልለይ አለኝ። ከውሃው በፊት ድምፁ ደረሰን። ዳር ቆሜ የጉርዱን የመጀመሪያ ቁልፍ ይዤ ቀረሁ።

«ኧረ ውሃው ሳያልቅብሽ ግቢ!» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ኡርጌ።

ጉርዱን ፈትቼ ለሷ ሰጠኋትና ውሃው ውስጥ ገባሁ።