የሁለተኛ ፎቅ ወንበር

ቤታችን ሰበታ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ቢሆንም በመስኮቴ የወጨጫ ተራራ ሙሉ በሙሉ ይታየኛል፤ ቧንቧው በሳምንት አራት ቀን ውሃ አለው፤ ደግሞ የራሴ ቤት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

አማቴ ኦቦ ገርባ ግን ግቢ የለመዱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲያርፉ ባለቤቴ ኦዳ ከሱሉልታ አመጣቸው። እህቶቹ «ስንዱ አባታችንን ገደል ላይ ሰቀለቻቸው» አሉ አሉ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውን እዚህ ፎቅ ላይ በደስታ ማኖር የክብሬ ጉዳይ ሆነ።

ያስቸገረን ጉልበታቸው ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ደክሟቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ቤት እንደገቡ፣ «ልጄ፣ እዚህ ሰው ያለም አይመስል። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ እመለሳለሁ» አሉኝ። ተናድጄ አንዱን ወንበሬን ይዤ ወረድኩና ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኩት። ለቀሩት ሁለት ቀናት እንኳ በክብር ይረፉ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

የቀረውን ወጋችን ጨረሰው። የተቀመጠ ሽማግሌ ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ? «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?» ብሎ ደህንነታቸውን ይጠይቃል አንዱ፤ ሌላዋ ልጇን አስመርቃ ትወጣለች። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ትራስ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ግን ጋቢያቸውን በፌስታል ይዘው ወረዱ። ሆድ ባሰኝ፤ ተከተልኳቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለማረፍ ሲቀመጡ የዚያው ፎቅ ፀደንያና ከላይዋ የምትኖረው ትጊ እየተጯጯሁ መጡ። ትጊ ካሰጣችው ልብስ የሚንጠባጠበው ውሃ የፀደንያን በርበሬ አበስብሶታል።

«ኦቦ ገርባ ይፍረዱን!» አለች ፀደንያ።

«አንቱ ያሉትን እቀበላለሁ» አለች ትጊም።

አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ነገር በቁጣ አይፈታም» አሉ። «ነገ አራት ሰዓት እዚሁ ኑ።»

ሴቶቹ ሲሄዱ፣ «አባዬ፣ ሱሉልታስ?» አልኳቸው።

ፌስታሉን አቀበሉኝ። «ቀጠሮ የሰጠ ሽማግሌ የት ይሄዳል?»

ልቤ በኩራት ሞላ። የኦዳ እህቶች አሁን መጥተው ቢያዩ! እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ሽቅብ ጀመሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብለው ተነፈሱና ባዶውን ጥግ አዩት።

«ስንዱ፣ እዚህም አንድ ወንበር አምጪ» አሉኝ።